ማብቂያ ያጣው ዜማ

ጌንሱኬ ኩራሞቺ ባለፈው እሑድ በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም መተኛት በማይገባቸው ቦታ፣ ሕልም አዩ።

በሕልማቸው የኦሳካ ከተማ ተገለባብጣለች። ጭራቆች በየሳሎኑ ተቀምጠው ሰውን እንደ ቪዲዮ ጌም ይጫወቱበታል። የሚጫወቱበት ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ «ውይ፣ ይሄኛውም ሞተ» ይሉና መልሰው ያስነሡታል። ኩራሞቺ በዚህ እንኳ ብዙም አልተደነቁም። የደነቃቸው ከየመስኮቱ የሚሰማው ዜማ የራሳቸው መሆኑ ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት ለቪዲዮ ጌም ሙዚቃ ሲደርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራውን ሲጀምሩ የጌሙ ማሽን በአንድ ጊዜ ከሦስት ድምፅ በላይ አያወጣም ነበርና በሦስት ድምፅ ባሕሩንም ጦርነቱንም ሠርተዋል። የቀጠራቸው ኩባንያ ግን ተቀናቃኝ እንዳይነጥቀው ፈርቶ ስማቸውን ደበቀ፤ «ትንሹ ቀበሮ» እያለ ብቻ ይጽፋቸው ነበር። የዘጠና ዓመት እናታቸው ፉሚ ታዲያ ልጄ ሥራ ፈት ነው እንዳሉ አሉ። ይህ ኩራሞቺን ያንገበግባቸዋል።

በሕልሙ ፉሚ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። እጃቸውን እየጎተተች አንድ መሥሪያ ቤት አደረሰቻቸው። ሹማምንቱ ደጅ ተሰልፈው ባለጉዳይ ይጠብቃሉ። ከሁሉ ፊት የቆመው መነጽር ያደረገ ዘንዶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ኩራሞቺ እውነተኛ ስሜ ይጻፍልኝ አሉት።

«የሠሪው ስም የሚወጣው ጨዋታው ሲያልቅ ነው» አላቸው ዘንዶው። «እስቲ የዜማውን ማብቂያ ይስጡኝ።»

ኪሳቸውን ፈተሹ። መግቢያ አለ፣ መሃል አለ፣ ማብቂያ የለም። ለካ ዕድሜ ልካቸውን አንድም ማብቂያ ጽፈው አያውቁም! ተጫዋቹ መቼ እንደሚያቆም አይታወቅማ፤ ዜማው ዞሮ ዞሮ ከመጀመሪያው መግጠም አለበት። አፈሩ። ዘንዶውም አብሯቸው አፈረና መነጽሩን አውልቆ ማልቀስ ጀመረ። ይሄኔ ትንሿ ፉሚ ጎናቸውን በክርኗ ጎሰመቻቸው።

ነቁ። የትልቁ አዳራሽ የፊት ወንበር ላይ ናቸው። ሥራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ኦርኬስትራ የሚቀርብበት ቀን ነው። የጎሰሟቸውም አጠገባቸው የተቀመጡት የዘጠና ዓመቷ ፉሚ ናቸው።

«ስምህን የሚጠሩት ሙዚቃው ሲያልቅ ነው አላልከኝም?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እኔ ይሄን ዜማ ሰባት ጊዜ ሰማሁት።»

ኩራሞቺ ወደ መድረኩ አዩ። ቫዮሊን የሚጫወቱት በላብ ተጠምቀዋል፤ ጨዋ ሙዚቀኞች ናቸውና ከተጻፈላቸው ውልፍት አይሉም። መጋረጃው ሥር አስተዋዋቂው ስማቸው የሰፈረበትን ወረቀት ይዞ ይጠብቃል። የኦርኬስትራው መሪ ዱላውን ሳያቆም ዞር ብሎ በዓይኑ ተማጸናቸው። ኩራሞቺ ጭናቸው ላይ ያለውን ኖታ ገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ፈለጉ። ግርጌው ላይ፣ በገዛ እጃቸው ጽሕፈት፣ «ከመጀመሪያው ይደገም» ይላል።