ጌታሁንን ከባሕር ስንጠብቅ

ለንደን ባሕር የላትም። እኔ ይሄን የተረዳሁት ሃያ ምናምን ዓመት ከኖርኩባት በኋላ ነው። ደሴት ላይ ነን ይባላል፤ ግን እኛ ሰፈር፣ አርችዌይ፣ ቁጭ ብለህ ከዝናብ በቀር ምን ውሃ ታያለህ? ቴምዝ አለ እንዳትለኝ። ቴምዝ ወንዝ ነው፣ ማዕበል የለውም።

ታዲያ ከለንደን ተነስቶ ማዕበል ላይ በሰሌዳ መንሸራተት፣ እነሱ ሰርፍ የሚሉትን፣ የሚፈልግ ሰው የት ይሂድ? እኔን ጠይቀኝ። አትሳቅ! ዋና አልችልም። ጉልበቴም ከአውቶቡስ ሹፌርነት በጊዜ ያሰናበተኝ ጉልበት ነው። ግን በብርድ ዳር ዳሩን ተቀምጬ ያላወቅኩት ነገር የለም።

ጣጣው የመጣው በጌታሁን ነው። ጌታሁን ጎረቤቴ ነው፤ ከኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ይኖራል። ባለቤቱ ሰብለ አምና በካንሰር አረፈች። ልጅ አልነበራቸውም። እኛም እንደ ደንባችን እዝን ይዘን ገባን፣ ተራ በተራ አብረነው ተቀመጥን። ሐዘንተኛ ብቻውን ይተዋል እንዴ? አርባዋ ሲወጣ ግን ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደረጃው ላይ አገኘሁት። ከቁመቱ የሚበልጥ ሰሌዳ ታቅፎ ይወርዳል። ወዴት ነው ብለው፣ ባሕር አለኝ። ከማን ጋር ብለው፣ ብቻዬን አለኝ።

እስቲ አንተ ብትሆን ምን ታስባለህ? ሚስቱን የቀበረ ሰው፣ ብቻውን፣ ወደ ባሕር! ወዲያው እትዬ አልማዝ ጋ ደወልኩ። እትዬ አልማዝ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ሰባ ዓመታቸው ነው፣ ድምፃቸው ግን ገና ሠላሳውን አልሞላም። «አንተ ሰውዬ፣ እያየህ ለቀቅከው?» ብለው ጮኹብኝ። በማግስቱ ሮታ፣ የተረኞች ዝርዝር፣ ወጣ። ጌታሁን ባሕር በሄደ ቁጥር ሁለት ሰው ይከተለዋል ተባለ።

መጀመሪያ ሳውዝኤንድ ሄደ። ቅርብ ነው፣ ግን ለሰርፍ አትድከም። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ጥሎህ ይሄድና ጭቃ ብቻ ይቀራል። ጌታሁን ጭቃው ዳር ሰሌዳውን እንዳቀፈ ሁለት ሰዓት ቆመ። ያን ቀን እኛ ደስ አለን። ጉልበት የማይደርስ ባሕር ማንን ይወስዳል?

ቀጥሎ ብራይተን ሆነ። እዚያ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሲመጣ ማዕበል አለ። ዳርቻው ግን ጠጠር ነው፣ በጫማ እንኳ መራመድ መከራ ነው። እትዬ አልማዝ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዳቦ ይዘው ጠጠሩ ላይ ተቀመጡ። ጌታሁን ከውሃው ብቅ ባለ ቁጥር «ና ቅመስ!» ይሉታል። ያ ምስኪን በጥቁር የጎማ ልብስ እየተንቀጠቀጠ ይመጣና ዳቦውን ጎርሶ ይመለሳል። እትዬ አልማዝን እምቢ ማለት ይቻላል እንዴ? ውሃው ውስጥ ሆኖም ዓይኑ እኛ ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ አንዴም እንኳ ቀና ብሎ አልቆመም።

ከዚያ ሳይነግረን መሄድ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ግን ሲወጣ በመስኮት አየሁትና ባቡሩ ውስጥ ከኋላው ተከትዬው ገባሁ። ሌላው ተረኛ ሥራ ጠርቶት ቀርቷል። ስድስት ወንበር ርቄ፣ ጋዜጣ ፊቴ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ጌታሁን ሳይዞር «ጋሼ፣ ና አጠገቤ ተቀመጥ» አለኝ።

የምንሄደው ጆስ ቤይ ነበር፣ ኬንት ውስጥ። እውነተኛ ሰርፍ ከፈለግክ እዚያ ሂድ። አሸዋ ነው፣ ነጭ ገደል አለው፣ ነፋስ ከሰሜን ሲመጣ ማዕበሉ ደህና ነው። መንገድ ላይ ጌታሁን አወራኝ። ሰብለ ከታመመች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ብቻውን አልቅሶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሆስፒታሉ ሰው፣ ቤቱ ሰው፣ ለቅሶው ሰው። «ባሕር ውስጥ ፊቴ ቢረጥብ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነበር፤ እናንተ ዳቦ ይዛችሁ መጣችሁ» አለ። አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እሺ፣ አላይህም አልኩት። ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ግን እስከ መቼ? ዞር አልኩ። ሰሌዳው አለ፣ ሰውየው የለም። አንድ ማዕበል አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ኧረ ጌታሁን! ከነካፖርቴ፣ ከነጫማዬ ገባሁ። ወገቤ ጋ የደረሰው ውሃ ገፍቶ ጣለኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጨው ብቻ ነው።

ጎትቶ ያወጣኝ ጌታሁን ነው። ሰሌዳው ጀርባ ሆኖ እያለቀሰ ነበር ለካ! መጀመሪያ ሰደበኝ። ቀጥሎ ካፖርቴ ውሃ ሲያንጠባጥብ አይቶ እስኪያመው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ እንደገና አለቀሰ፣ እዚያው እኔ ፊት። እኔም አለቀስኩ።

ስልኬ ውሃ በልቶት ዝም ሲል እትዬ አልማዝ ጌታሁን ጋ ደወሉ። እሱም ደህና ነን፣ ጋሼ ባሕር ገብቶ አወጣሁት አላቸው። በቃ፣ ይቺን ብቻ። አርችዌይ ስንደርስ በሬ ላይ ሰባት ሰው ቆሟል። እትዬ አልማዝ አንገቴን አቅፈው «ምነው ልጄ፣ ምን ጎደለብህና እንዲህ አሰብክ?» ብለው ስቅስቅ አሉ። ሮታው በማግስቱ በኔ ስም ተቀየረ።

የቅዳሜው ተረኛዬ ጌታሁን ነው። ሶፋዬ ላይ ይቀመጥና በስልኩ ጆስ ቤይን ቼክ ያደርጋል። ዛሬ ማዕበሉ ግሩም ነው ይላል። ጋሼ፣ በናትህ እውነቱን ንገራቸውና ልሂድበት ይላል።

ልነግራቸው ይገባል። አውቃለሁ። ግን ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ይሄን በር የሚያንኳኳው ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ነበር። ልጄ ማንቸስተር ሆና ለበዓል ትደውላለች። አሁን ሰኞ ሰው አለ፣ ረቡዕ ሰው አለ፣ እሁድ እትዬ አልማዝ ወጥ ይዘው ይመጣሉ። እሁድ እነግራቸዋለሁ ብዬ ለጌታሁን ቃል ገባሁለት።

እሁድ በሩ ተንኳኳ። ከመክፈቴ በፊት ያዘነ ሰው ለመምሰል መስታወት ፊት ቆምኩ። ፊቴን ባየው፣ ምንም ማስተካከል አላስፈለገኝም።