በ«አሰሳ» ክፍል ሁለት ማን ሞቶ ማን እንደሚነሳ የተወሰነበት ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ ግንቦት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.
ቦታ፦ ጉንደ ወይን፣ ከአቶ እንዳላማው ወፍጮ ቤት ጀርባ ያለው የእህል መጋዘን
ሰዓት፦ ለ8 ሰዓት ተጠርቶ፣ የሺዋስ ቁልፉን ከአባቱ ኮት ኪስ እስኪያወጣ ድረስ 9 ሰዓት ሆኗል።

የተገኙ አባላት፦
አምደሚካኤል፣ ሰብሳቢ (አባቱ የእድር ሊቀመንበር ስለሆኑ የስብሰባ ሥርዓት ያውቃል)
ማርያማዊት፣ አባል (ከሁላችን የበለጠች አነጣጣሪ)
የሺዋስ፣ አባል (የአቶ እንዳላማው ልጅ፤ መጋዘኑ የአባቱ ስለሆነ ከአባልነት ሊሰናበት አይችልም)
ዲያቆን አካለ ወልድ፣ አባል (ጠዋት ቅኔ ቤት፣ ከሰዓት ከእኛ ጋር ዘጠነኛ ክፍል)
ዓለምነው፣ ጸሐፊ

አባላት በሙሉ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢው፣ ቃለ ጉባኤ ወረዳ ድረስ ሊሄድ ስለሚችል ለማያውቅ አንባቢ ማብራሪያ እንዲቀድም አዟል። ማብራሪያው የሚከተለው ነው።

«አሰሳ» በቡድን ሆነው ግቢ ሰብረው እየገቡ የሚታኮሱበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ኮምፒውተሩ ያለው ግን ደብረ ማርቆስ ነው። እዚያ ይማር የነበረው ወንድሜ አበረ ጨዋታውን ተጫውቶ፣ ለእረፍት ሲመጣ ራሱ ማሽን ሆነልን። በመጋዘኑ ሲሚንቶ ወለል ላይ ግቢውን ከነክፍሎቹ በጠመኔ ይሥላል። ተጫዋቾች ካርታውን እንዳያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ። አበረ እየዞረ በየጆሯችን «ከፊትህ በር አለ፣ ተዘግቷል፣ ከውስጥ የሚያስል ሰው አለ» ይላል። እኛም የምናደርገውን መልሰን እናንሾካሹካለን። እሱ አንዱን ቡድን በሽምብራ፣ ሌላውን በባቄላ ያንቀሳቅሳል። የተመታ ሲኖር «ሞተሃል» ብሎ ሽምብራውን አንስቶ ይበላዋል። ሟቹ መጥቶ ከማሽኑ አጠገብ ይቀመጣል፤ ካርታውን በሙሉ ያያል፤ አይናገርም።

አበረ በጥር ወር ታሞ አረፈ። ሰብሳቢው በቃለ ጉባኤ «ወንድሜ» እንደማይባል፣ ትክክለኛው አጻጻፍ «ሟች» እንደሆነ አሳስቧል። ጸሐፊው አስተያየቱን መዝግቦ «ወንድሜ» እያለ ይቀጥላል። ከጥር ወዲህ ማንም አልተጫወተም። ባለፈው ሳምንት እናቴ አምደሚካኤልን መንገድ ላይ ይዛ «ምነው እናንተ ልጆች፣ ጭር አደረጋችሁብኝ እኮ» ስላለችው ይህ ስብሰባ ተጠርቷል።

አጀንዳ 1፦ ማሽን ስለመምረጥ

እስካሁን በተጫወትነው በክፍል አንድ ደንብ «ማሽን አይሞትም» ስለሚል ምትክ ማሽን ተመርጦ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ምርጫው የመጀመሪያ ነው።

የሺዋስ ራሱን ጠቁሟል። ማርያማዊት «አንተ ማሽን ከሆንክማ ጨዋታው ሳይጀመር ሽምብራው ያልቃል» በማለት ተቃውማለች። ዲያቆን አካለ ወልድ ሲጠቆም፣ ሰው መግደል ከክህነቱ ጋር እንደማይሄድለት ገልጿል። በክፍል አንድ ማርያማዊትን ከጀርባዋ በመትረየስ መፍጀቱ ሲነሳበት፣ ያ በባቄላ የተደረገ መሆኑን አስረድቷል። ሰብሳቢው ደግሞ ሰብሳቢ እያለ ማሽን ቢሆን ሥልጣን በአንድ እጅ እንደሚከማች ተናግሮ፣ ማንም ሳይጠቁመው ራሱን አግልሏል።

የቀረው ጸሐፊው ነው። ማርያማዊት ስትደግፍ፣ «ዓለምነው ሁልጊዜ ቀድሞ ይሞታል። ሲሞት ደግሞ አበረ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ካርታውን እንደሱ ያየ ማን አለ? ከማሽን ጎን ያደገ ልጅ ነው» ብላለች። የሺዋስ ይህ ምስጋና ይሁን ስድብ እንዲብራራለት ጠይቆ አልተብራራለትም።

ጸሐፊው ምርጫውን ተቀብሎ አንድ ነገር አስታውቋል። «ሞተሃል» የምትለው ቃል ከአፉ አትወጣለትም።

በስብሰባው ላይ ዝምታ ሆነ። ሰብሳቢው ዝምታው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዟል። ተይዟል።

ቀጥሎ በቃሏ ፈንታ ምን ይባል በሚለው ላይ ውይይት ተከፍቷል። ዲያቆን አካለ ወልድ «ዐርፈሃል» ቢባል የተሻለ ነው ሲል፣ የሺዋስ «እኔ እየሮጥኩ ተመትቼ የምን ማረፍ ነው?» ብሏል። ሰብሳቢው «ከአባልነት ተሰርዘሃል» የሚል ሐሳብ አቅርቦ ማንም አልደገፈውም፤ ራሱም አልደገፈውም። በመጨረሻ የሺዋስ «ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውረሃል» ይባል ብሏል። አጎቱ ከመሥሪያ ቤታቸው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲዛወሩ ቤተሰቡ በግ እንዳረደ፣ ከበጉ በስተቀር የከፋው እንዳልነበረ በማስረጃነት ጠቅሷል።

ረጅም ውይይት ከተደረገበት በኋላ፣ በክፍል ሁለት የሚሞት ሰው እንዳይኖርና የተመታ ሁሉ እንዲዛወር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ አዳዲስ የአጨዋወት ነገሮች

የሺዋስ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ እውነተኛው ክፍል ሁለት መውጣቱን፣ ብዙ አዲስ ነገር እንዳለውም ከአንድ የሹፌር ልጅ መስማቱን ገልጿል። የሰማውን በሚከተለው መልኩ አቅርቧል።

ሀ. ስለ መነሳት። በክፍል ሁለት የወደቀን ተጫዋች ጓደኛው ቶሎ ከደረሰለት ሊያነሳው ይችላል ተብሏል። ዲያቆን አካለ ወልድ ሙታን መነሳታቸው የታወቀ ነገር መሆኑን፣ ቀኑን ግን ኮሚቴ እንደማይወስነው በጥብቅ አሳስቧል። ማርያማዊት በበኩሏ የሺዋስ ቢነሳም በዚያው በር ተመልሶ ገብቶ በዚያው ጥይት እንደሚመታ፣ ስለዚህ ለጤናውም እንደማይበጅ ተናግራለች። የሺዋስ «አንቺ ደሞ ጠላቴ ነሽ ወይስ ሐኪሜ?» ብሏል። ሰብሳቢው በአጀንዳ 1 ውሳኔ መሠረት የወደቀው ሰው ሟች ሳይሆን ተዛዋሪ መሆኑን፣ የዝውውር መሰረዝ ደግሞ በመንግሥት ሥራም ያለ ነገር መሆኑን ሲያስታውስ ዲያቆን አካለ ወልድ ተቃውሞውን አንስቷል።

ለማንሳት የሚፈቀደው ጊዜ አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» ተደግሞ እስኪያልቅ እንዲሆን ተስማምተናል። የሺዋስ ግን ዲያቆኑ ሲጠግብና ሲርበው የሚደግምበት ፍጥነት በጣም እንደሚለያይ አመልክቷል። በጥጋብ ፍጥነት እንዲሆን ተወስኗል።

ለ. ስለ ጭስ ቦምብ። በአዲሱ ክፍል ጭስ ተወርውሮ በጭሱ ውስጥ እየተደበቁ ማለፍ ይቻላል። የሺዋስ መጋዘኑ ውስጥ የሚያጨስ ነገር ባይኖርም ዱቄት መኖሩን ጠቁሟል። ሰብሳቢው ሙከራ ይደረግ ከማለቱ በፊት ሙከራው ተደርጓል። እዚህ ላይ ቃለ ጉባኤው ጥቂት የተቋረጠው ጸሐፊው ወረቀቱን ማየት ስላልቻለ ነው። ዱቄቱ ረገብ ሲል ዲያቆን አካለ ወልድ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ ስለተገኘ፣ ሰብሳቢው ሰውየው አባል መሆን አለመሆናቸው እንዲጣራ ጠይቋል። ዲያቆኑ በማስነጠስ መልሷል። የጭስ ቦምብ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

አጀንዳ 3፦ ከሩቅ ቡድን ጋር ስለመጫወት

የሺዋስ እንደሰማው፣ በአዲሱ ክፍል በአንድ ቤት ቀርቶ በአንድ ከተማ የማይኖሩ ሰዎች በኔትወርክ ይዋጋሉ። ስለዚህ የደብረ ወርቅ ልጆች ይጋበዙ ተብሏል። ስልክ ያለው አባል ስለሌለ፣ ኔትወርኩ ሚኒባስ እንዲሆን የሺዋስ ሐሳብ አቅርቧል። እኛ የተኮስነውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ለረዳቱ እንሰጣለን። ረዳቱ ደብረ ወርቅ ያደርሳል፤ እነሱ የተኮሱትንም ይዞ ይመለሳል።

ዲያቆን አካለ ወልድ «እኔ በሩ ላይ ቆሜ እየጠበቅኩ፣ ጥይቱ ገና መናኸሪያ ሰው እስኪሞላ ይቆማል ማለት ነው?» ሲል ጠይቋል። አዎ ተብሏል። ማርያማዊት «የተኮስኩት ጥይት ደርሶ እስኪመታ እኔ አግብቼ ወልጃለሁ» ብላለች። ሰብሳቢው ጥይት በሚኒባስ ሲሄድ እንደ ተሳፋሪ ነው ወይስ እንደ ዕቃ የሚታየው የሚለው አስቀድሞ እንዲጣራ አሳስቧል። የሺዋስ በገበያ ቀን ሚኒባስ ቶሎ ስለሚሞላ ጥይትም እንደሚፈጥን ሲያስረዳ ብዙዎች ተገርመዋል። ስለዚህ በደብረ ወርቅ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ጥቃት በገበያ ቀን ብቻ እንዲሆን፣ በሌላ ቀን ግን መከላከል ብቻ እንዲሆን ተወስኗል።

አጀንዳ 4፦ የክፍል ሁለት ሙከራ

የጸደቁት አዳዲስ ነገሮች እንዲሞከሩ ሰብሳቢው አዟል። ማርያማዊትና ዲያቆን አካለ ወልድ ሽምብራ፣ ሰብሳቢውና የሺዋስ ባቄላ ሆነዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ጸሐፊው ካርታውን ሥሎ ማሽን ሆኗል።

ማርያማዊት በር ላይ ባቄላ አግኝታ በቅርብ ተኮሰች። ማሽኑ በጆሮዋ «ሳትሽው» አላት። ደገመች። «ሳትሽው» አላት። የሺዋስ ቦምብ ወረወረ፤ ከሸፈ። ሰብሳቢው አድፍጦ ዲያቆኑን ደረቱ ላይ መታው፤ ጥይቱ የአንገት መስቀሉን ነክቶ ነጠረ። ዲያቆኑ መልሶ ተኮሰ፤ ጠመንጃው ነከሰ። የሺዋስ ያለውን ጥይት ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ አርከፈከፈው፤ ክፍሉ ባዶ ነበር ተባለ። ማርያማዊት ከዚያው ክፍል ውስጥ ሆና «እኔ እዚህ ነኝ እኮ!» ብላ በመጮኋ ባዶ አለመሆኑ ታውቋል።

ከዚህ በኋላ አባላት ፊታቸውን ሳያዞሩ አቤቱታ ማሰማት ጀምረዋል። ማርያማዊት «ከዚህ በላይ ልጠጋው? አቅፌ ልተኩስበት?» ብላለች። የሺዋስ ይህ ጨዋታ ሳይሆን እርቅ ነው ብሏል። ሰብሳቢው ማሽኑ ተበላሽቶ እንደሆነ እንዲያሳውቅ በሥርዓት ጠይቋል። የሺዋስ «ሞተሃል ማለቱ ይቅር አልን፤ ማዛወርም ያቅትሃል እንዴ? አበረ ቢሆን እኮ እስካሁን ሁላችንንም ቆርጥሞ ጨርሶን ነበር!» ካለ በኋላ፣ እንዲህ ማለቱ አስደንግጦት አፉን በእጁ ይዟል።

ማርያማዊት ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ «ዓለምነው፣ አጠገብህ ማን አለ?» ስትል ጠይቃለች።

ማሽኑ ማንም እንደሌለ መልሷል።

«ታዲያ ብቻህን ልትቀመጥ ነው? በል ግደለኝ።»

ማሽኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውረሻል» ብሏል።

ማርያማዊት ንቅንቅ አላለችም። «ደብረ ማርቆስ ምን አለኝ? እኔ አንተ አጠገብ መጥቼ ልቀመጥ ነው። በደንብ ግደለኝ።»

የሺዋስም «እኔንም ግደለኝ» ብሏል። ዲያቆን አካለ ወልድ «እኔንም፣ ግን ማርያማዊት ትቅደም» ብሏል። ሰብሳቢው ሁሉም እጅ እያወጣ በተራ እንዲገደል ለማስተባበር ቢሞክርም ጩኸቱ በርትቷል።

በዚህ ጊዜ አቶ እንዳላማው «ግደለኝ» የሚል የብዙ ሰው ጩኸት ሰምተው ዱላ ይዘው በሩን በርግደው ገብተዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ልጆችና አንድ ነጭ ዲያቆን አይተው «በስመ አብ! ማነው እዚህ የሚገድል?» ብለዋል።

የሺዋስ «ማንም የለም እኮ አባዬ! ችግራችን እሱ ነው። ዓለምነው እምቢ አለን» ሲል አመልክቷል።

አቶ እንዳላማው ካርታውን አዩ። ከካርታው አጠገብ ያለሁትን እኔን አዩ። ዱላውን ከግድግዳ አስደገፉ። «ይቺ የአበረ ጨዋታ ናት?» ብለው ጠየቁ፤ ናት ተባሉ። «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» ሲሉ ማርያማዊት «ባቄላ ኖት ጋሼ እንዳላማው፣ እዚያ ጥግ ይቁሙ» ብላቸዋለች። እሳቸውም «ቆሜ ነው የምሞተው ወይስ ተቀምጬ?» ብለው ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል።

ማሽኑ ማርያማዊትን «ሞተሻል» ብሏታል።

ሽምብራዋን በልቷል። ጠንካራ ነበር። መጥታ አጠገቡ ተቀምጣለች። የሺዋስ ሞቷል። ዲያቆን አካለ ወልድ ሞቶ ሲቀመጥ ዱቄት አቡኗል። ሰብሳቢው ስብሰባውን ማን እንደሚመራ እየጠየቀ ሞቷል። አቶ እንዳላማው በአክብሮት «ሞተዋል» ተብለው ጉልበታቸውን ይዘው በመካከላችን ተቀምጠዋል። ሟቾች አይናገሩም የሚለው ደንብ ወዲያውኑ ፈርሷል። ማርያማዊት ካርታውን ስታይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በር ላይ ስትተኩስበት የቆየችው የራሷ ጓድ ዲያቆን አካለ ወልድ ሆኖ በመገኘቱ፣ ማሽኑ ባቄላና ሽምብራ ማደባለቁ ታውቋል። የሺዋስ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ካርታው ላይ ተንከባሎ ግማሹን ግቢ በሸሚዙ አጥፍቷል። ማሽኑም ስቋል። ማሽን መሳቅ አለመሳቁ በደንቡ አልተጠቀሰም።

የመጨረሻ ውሳኔ

በስፍራው በሕይወት ያለ አባል ባለመኖሩ ሟቾች ተወያይተው የሚከተለውን ወስነዋል። ማንም ወደ ደብረ ማርቆስ አይዛወርም። የወደቀ አይነሳም፤ በዚህ ዲያቆን አካለ ወልድ እፎይ ብሏል። የጭስ ቦምብ ቀርቷል፤ አቶ እንዳላማው ሟች ሳሉ በዚህ ነጥብ ላይ ብቻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ዱቄቱን የደፋው ማነው?» ብለው፣ ሟቾች በሙሉ ደንቡን አክብረው ዝም ብለዋል። ደብረ ወርቅ ከጥቃት ነፃ ወጥታለች። ክፍል ሁለት የሚባል ነገር የለም።

በዛሬው ስብሰባ የተወሰነ ነገር ሁሉ የተሻረ በመሆኑ የማሽን ምርጫውም ተሽሯል። ውሳኔው በሟቾች ሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ሰብሳቢው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስብሰባው መዘጋቱን፣ ምርጫው ስለተሻረም ዓለምነው ማሽን አለመሆኑንና ሁሉም ወደየቤቱ መሄድ እንደሚችል አስታውቋል። ከአጠገቤ የተነሳ የለም።

ዓለምነው
ጸሐፊ