በቢጫ ጸጉሩ አጥቂ የቀናሁበት ወራት

የሰው ቅናት ብዙውን ጊዜ ከአጥር አያልፍም። ጎረቤት ላም ሲገዛ፣ ባልንጀራ ሲሾም ነው አንጀታችን የሚያርረው። የእኔ ግን ባሕር ተሻገረ። እንግሊዝ አገር በሚኖር፣ በዚህ ዓለም ላይ መኖሬን እንኳ በማያውቅ አንድ ቢጫ ጸጉር አጥቂ ቀንቼ ከሳሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

እኔም እኮ አጥቂ ነኝ! ሱዳን ውስጥ ያለው የኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ቡድን ዘጠኝ ቁጥር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከማሽላው እርሻ ዳር ባለችው ሜዳችን ስንጫወት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣ ነበር። ባለቤቴ አበባም እዚያው ሻይ እየሸጠች፣ ኳስ በያዝሁ ቁጥር ከሁሉም በላይ ትጮህልኝ ነበር።

ታዲያ ክፍሎም የሚባለው የድሮ ተከላካያችን፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው፣ ዲሽና ሰፊ ቴሌቪዥን ገዝቶ የሣር ዳስ ጣለ። በራፉ ላይ በኖራ «ሙባሽር» ብሎ ጻፈ፤ ቀጥታ ስርጭት ማለቱ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ሜዳ ስንደርስ የጠበቁን ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት አህያ ናቸው። አህያዋም ታስራ ነው።

አበባም ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወደ ዳሱ ገባች። ሻይ የሚሸጥ ጠጪ ባለበት ነው አለችኝ። የከፋው ማታ ማታ ቤት ገብታ የዚያን ቢጫ ጸጉር አጥቂ ወሬ ስታወራልኝ ነው።

«ምን ያለ ሩጫ ነው እቴ! ደሞ ጸጉሩ!»

«ጸጉሩ ምን አገባው?»

«እኔ ምን አልሁ? ሩጫውን ነው ያልሁ።»

እንዲህ እያረርሁ ሳለሁ ነው ከጎረቤቷ ከተማ ከሾዋክ ልጆች ጋር የገጠምነው። ሁለት ተከላካይ አልፌ በግራ እግሬ መታሁ፤ ኳሷ ጥግ ገባች። ያን ጊዜ ምድር የሚያናውጥ ጩኸት ተነሣ። እጆቼን ዘርግቼ ወደ ሜዳው ጠርዝ በረርሁ። ማንም የለም! ጩኸቱ ከክፍሎም ዳስ ነው፤ ለካ ቢጫ ጸጉሩም በዚያችው ቅጽበት አግብቷል። የሾዋኩ በረኛ ኳሱን ከመረብ እያወጣ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ አይቸዋለሁ» አለኝ። ጎል የገባበት ሰው ሲያጽናናችሁ ምን ትላላችሁ?

ጨዋታው ሲያልቅ፣ ላቤ ሳይደርቅ ዳሱ ገብቼ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆምሁ። አሸንፈናል ልል ነበር።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ዘወር በል ከፊት!» አለ አንዱ።

«ካሣ፣ ቁጭ በል እንጂ! ጋረድኸን!» አለች ሌላዋ። ሌላዋ ያልኋት ሚስቴ ናት።

ወጥቼ ዳሱ ጀርባ ተቀመጥሁ። ክፍሎም ተከትሎኝ መጣ። ልሰድበው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«እኔኮ ሜዳው እንደናፈቀኝ ነው» አለኝ ጉልበቱን እያሻሸ። «አንድ ቅዳሜ ልዝጋላችሁ?»

ቃሉን ጠበቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳሱን ዘግቶ፣ በኖራ «ዛሬ ሙባሽሩ ሜዳ ላይ ነው» ብሎ ጻፈ። ሰዉ እያጉረመረመም ቢሆን መጣ። አበባም ከጎረቤታችን ከለተብርሃን ጋር ከፊት ተቀመጠች። ደስታዬ እግሬን አሰረውና ሁለት ያለቀለት ኳስ ሳትሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ግን ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ በአየር ላይ ተንሳፍፌ በጭንቅላቴ ገጨኋት። ጎል! ሕዝቡ ጮኸ፤ በዚህ ዕለት ጩኸቱ ያለ ጥርጥር የእኔ ነበር። ቢጫ ጸጉሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ይቅር አልሁት።

አቧራዬን ሳላራግፍ ወደ አበባ ሮጥሁ።

«አየሽው?»

«ውይ፣ ከለተብርሃን ጋር ሳወራ አመለጠኝ» አለች፣ ዐይኗን ከሜዳው ሳትነቅል። «ቆይ፣ አሁን ደግመው ያሳዩናል አይደል?»