ለደላው ሰው ማን ይጾማል?

ለደላው ሰው የሚጸልይ የለም! ካላመናችሁኝ በሚመጣው እሁድ ተነሡና «ወገኖች፣ በጣም ተመችቶኛልና አስቡኝ» በሉ። ማን ዓይኑን እንደሚጨፍንላችሁ አያለሁ...

እኔ ይኼን የተማርኩት አስመራ ነው። አገሩ ነፃነቱን ባወጀ ሰሞን፣ አዲስ አበባ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን እንዳሠለጥን ብላ «ለባሕር ማዶ አገልግሎት» ስድስት ወር ላከችኝ። ባሕር ማዶ! በመሐላችን ያለው ውሃ የመረብ ወንዝ ነው፤ እሱንም በአውሮፕላን ሳልፈው እንቅልፍ ላይ ነበርኩ።

የጸሎት ቡድናችን መሪ እትዬ ተዋበች ሲሸኙኝ ጆሮዬን ያዙና፣ «በየሁለት ሳምንቱ ትጽፋለህ። የምንጾምበትን ማወቅ አለብን፤ በጨለማ አንተኩስም!» አሉኝ።

ምን ልጻፍላቸው? ያረፍኩት ወይዘሮ ለተብርሃን ቤት ነው። ሴትዮዋ አማርኛን ትምህርት ቤት ተምረውታል፤ ማዕድ ላይ ግን የሚያውቁት አንድ የትግርኛ ቃል ብቻ ነው። «ብላዕ!» ጠገብኩ ስል «ኣይፋል ወደይ፣ ብላዕ!» ይሉኛል፤ «የለም ልጄ፣ ብላ!» ማለታቸው ነው። አመሻሽ ላይ የበላሁትን ለማንሸራሸር ወደ ዋናው ጎዳና፣ ወደ ኮምቢሽታቶ፣ እወጣለሁ፤ እዚያ ደግሞ ጀላቶ የሚሉት አይስክሬም ይጠብቀኛል።

እናም እውነቱን ጻፍኩ፦ «ደህና ነኝ፤ ሁሉም ተስማምቶኛል።»

መልሱ ሁለት መስመር ነበር። «ተመስገን። እንግዲህ ከተመቸህ ለእኛ ጸልይልን።»

ይኼ ነገር አንጀቴን አላሳረረውም ብል ውሸት ነው። ሰው እንዴት ሚስዮናዊውን አንዴ እንኳ «አይዞህ» አይለውም?

በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ለተብርሃን በርበሬ ሊያስፈጩ መደበር ወደሚባለው ገበያ ይዘውኝ ሄዱ። ያረጀ ብረት ሁሉ ወደዚያ ገበያ ሄዶ እንደገና ይወለዳል። በአንድ በኩል ብየዳ ይረጫል፣ በሌላው በርሜል ይቀጠቀጣል። ጆንያውን ተሸክሜ ወፍጮ ቤቱ ስደርስ የበርበሬው ብናኝ ዓይኔን አጠፋውና ወይዘሮ ለተብርሃን እየመሩ አወጡኝ። ቤት ስገባ ብዕሬን አነሣሁ፦

«በእሳትና በመዶሻ መካከል አለፍሁ። ሸክሜ ከባድ ነበር። እንባዬን መግታት አቃተኝ። አንዲት ደግ ሴት ግን እጄን ይዛ አወጣችኝ።»

እስቲ ፍረዱኝ፤ የትኛው ቃል ነው ውሸት?

መልሱ አራት ገጽ ሆኖ መጣ! የሰባት ቀን ጾም ታውጇል። አቤት ደስ ማለቱ! ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘኝ? ብስክሌት ተከራይቼ የተገለበጥኩ ዕለት «ወደቅሁ፤ ነገር ግን ተነሣሁ» ብዬ ጻፍኩ። እነሱ ግን ሌላ ዓይነት አወዳደቅ ገባቸውና ጾሙ ላይ ሦስት ቀን ጨመሩ።

አንድ አመሻሽ ኮምቢሽታቶ ላይ ሁለተኛ ጀላቶዬን እየላስኩ ተቀምጬ ሳለ ፊቴ ላይ ጥላ አረፈ። ቀና ስል... እትዬ ተዋበች! ባንድ እጃቸው ብርድ ልብስ፣ በሌላው የቆሎ ከረጢት ይዘዋል። ለካ አንድ ወር ሊያጽናኑኝ መጥተዋል። ቤት ደርሰው ወይዘሮ ለተብርሃን ጠቁመዋቸው ነው ያገኙኝ።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ጀላቶውን አዩ።

«እሳቱ የታል?» አሉ።

«እትዬ፣ እሳቱማ... መደበር ነው።»

«መዶሻውስ?»

«እሱም እዚያው ነው።»

ልስቅ ነበር። ግን ፊታቸውን አየሁት። ጉንጫቸው ሟሙቷል፤ ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። ያ ሁሉ ሥጋ በእኔ በርበሬ ምክንያት የቀለጠ ነው! ጀላቶው አፌ ውስጥ ድንጋይ ሆነ።

ቤት ስንገባ የቀረውን ወይዘሮ ለተብርሃን ጨረሱልኝ። «ሓፍተይ፣ ልጁ ጎበዝ ነው። መዝሙሩ ጥሩ፣ ምግቡ ጥሩ። በርበሬ ብቻ ኣይክእልን፣ አይችልም! እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው።»

እትዬ ተዋበች ብርድ ልብሱንና ቆሎውን አስቀመጡ። ከዚያ «ወረቀት አምጣ» አሉኝ። እሳቸው እየነገሩኝ ሁሉንም ጻፍኩ። ወፍጮውን፣ ብስክሌቱን፣ በቀን ሦስቴ መብላቴን፣ ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ ማስበሳቴን። «ይቅር በሉኝ፤ ጾሙን ፍቱ» ብዬ ፈረምኩ፤ እሳቸውም ከሥር ምስክር ሆነው ፈረሙ። እፍረቱ ቢያቃጥለኝም ከትከሻዬ አንድ ጆንያ የወረደ ያህል ቀለለኝ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን መልስ መጣ። ጮክ ብዬ አነበብኩት፦

«ደብዳቤያችሁ በጉባኤው ፊት ሲነበብ ያላለቀሰ የለም። እኛ እንዳንጨነቅ ብላችሁ በዚያ መከራ ውስጥ 'ተመችቶናል' ማለታችሁ እንዴት ያለ እምነት ነው! እትዬ ተዋበችንም አሳዳጆቻችሁ አስገድደው እንዳስፈረሟቸው ገብቶናል። ጾሙን ወደ አርባ ቀን ከፍ አድርገነዋል።»

እትዬ ተዋበች ደብዳቤውን ተቀብለው አጠፉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ማዕዱ ተጠጉ።

«እንግዲህ ወፍሬ ካላዩኝ አያምኑም» አሉ። «ለተብርሃን! እስቲ ያቺን ቃልሽን ለእኔም በይልኝ።»