በሞቴ እየተባለች የደረቀችው ጽጌረዳ

የሐይቅ ከተማ ሰው፣ እንግዳ ጠግቤያለሁ ቢለው ያምናል እንዴ? ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ደግሞ አበባንም አያምኑም። ልጃቸው ከዓረብ አገር ስትመለስ የገዛችላቸውን ጽጌረዳ በረንዳ ላይ አስቀምጠው፣ ጠዋት ዩሪያ ማታ ዩሪያ ያጎርሷታል።

“ኧረ እትዬ፣ ማዳበሪያ ሲበዛ ሥር ያቃጥላል” ብላቸው፣ “ወላሂ ምንም አልቀመሰችም፤ ከስታ አታያትም?” ብለው አንድ እፍኝ ጨመሩላት።

በሳምንቱ ጽጌረዳዋን ደርቃ አገኘኋት። “የሰው ዓይን በላት” አሉኝ፣ እኔኑ በጎን እያዩ። መቼም ዩሪያው አይጠረጠርም፤ የቤት ሰው ነው።

ላጽናናቸው ቁጭ ስል ምሳ ቀረበ። በላሁ፤ ጠገብኩ፤ “አልሃምዱሊላህ” ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። እትዬ ዘይነባ ጭልፋውን አነሱ።

“በሞቴ፣ ወላሂ ምንም አልቀመስክም። ከስተሃል እኮ።”

በረንዳው ላይ የቆመችውን ጽጌረዳ አየሁና ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ።