ገመድ የሚያስለቅቅ ዱዓ

አላህ ለሰው ልጅ ሁለት እጅ የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእኛ አገር ሰው ግን ሁለቱ አይበቁም ባይ ነኝ። አንዱ እጅ ዕቃ ይይዛል። ሌላው ዋጋ ይከራከራል፤ ይወነጨፋል፣ ይምላል፣ የሻጩን ትከሻ ይመታል። ታዲያ በዚህ መሃል ዱዓ ቢመጣ በየትኛው እጅ ልትቀበለው ነው? ዱዓ ደግሞ ሁለቱንም መዳፍ ነው የሚፈልገው። በአንድ እጁ ዶሮ አንጠልጥሎ በሌላው "አሚን" የሚል ሰው ከሚሴ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ዱዓው ቦታ አይመርጥም። ሐዘን የደረሰበትን ሰው ለቅሶ ቤቱ ሄደህ ካልደረስከው፣ ያገኘኸው ቦታ ሁሉ ለቅሶ ቤት ነው። ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይም ይሁን፣ ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶም ይሁን፣ አንተ እጅህን ትዘረጋለህ፤ አጠገብህ ያለው ሁሉ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቅ አብሮህ ይዘረጋል። አንድ ቀን የተሳፈርኩባት ባጃጅ ሾፌር መሪውን ለቆ "አሚን" ሲል አይቻለሁ። መንገዱ ቀጥ ያለ ስለነበር ተረፍን። ወይም ዱዓው ወዲያው ሠራ።

ስለ ንግድም አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ንግድ ማለት ዕቃና ብር መለዋወጥ የሚመስለው ሰው ካለ፣ እንግዳ ነው። ንግድ ማለት መሰዳደብ ነው፤ በፍቅር። ገዢ ዕቃውን ይንቃል፣ ሻጭ ገዢውን ይንቃል፣ ገዢው ጥሎ ይሄዳል፣ ሻጩ ይጠራዋል፣ ተመልሶ አዲስ ጉድለት ያገኝበታል። በመጨረሻ ሁለቱም ተበለጥን እያሉ፣ ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ያለ ክርክር የተገዛ ዕቃ የተሰረቀ ይመስላል። እቤት ሲገባም የሚወራለት ታሪክ የለውም።

እኔ ጀሪካንና ሳፋ እሸጣለሁ። በስድብም የምታወቅ ነበርኩ።

ልጄ ኢክራም በትኩሳት ሞተች። አራት ዓመቷ ነበር። ስለዚህ ነገር ይህን ያህል ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ጀሪካን መሸጥ አልቻልኩም። ገዢ አጥቼ አይደለም፤ ይመጣሉ። ለምሳሌ ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ መጡ። እትዬ ፋጡማ በክርክር ተረትተው አያውቁም፤ ጨው ሻጭ ከሩቅ ሲያያቸው ጨዉን ይሸፍናል። ቢጫውን ጀሪካን አነሱ፣ አገላበጡ፣ ቂጡን በጣታቸው አንኳኩ፣ አፋቸውን ከፈቱ። ሊሳደቡ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ አረፈ። ጀሪካኑን አስቀመጡና መዳፋቸውን ዘረጉ።

"አብሽር ልጄ። አላህ ላይችል አይሰጥም። ነገ ጀነት በር ላይ ቆማ እጅህን ትይዛለች።"

"አሚን። ጀሪካኑስ?"

"ኧረ ተወኝ! ከሐዘንተኛ ጋር ዋጋ ልከራከር? ምን ዓይነት ጨካኝ አደረግኸኝ?"

"እንግዲያው ባልኩት ዋጋ ይውሰዱታ።"

ደንግጠው አዩኝ። "ሳልከራከር? እኔ?"

ሄዱ። ማዶ ካለው ሱቅ ባለሱቁን እያንቋሸሹ ሲገዙ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ቀናሁበት።

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። ቀኑን ሙሉ መዳፍ ይዘረጋልኛል፣ ማታ ጀሪካኖቼን ቆልፌ እገባለሁ። አሚን በማለት ድምፄ ሻከረ። እንባ ግን አንዲት ጠብታ አልወጣኝም። ሰው ሁሉ "ጠንካራ ነው" አለኝ። እኔም አመንኳቸው።

አሁን ወደ ፍየሉ ልምጣ።

ኢክራም ፍየል ነበራት። አያቷ ከባቲ ያመጡላት፣ ጆሮው የረዘመ ቀይ ወጠጤ። የገዛሁላትን ብስኩት ከእሱ ጋር እኩል ስለምትካፈል ስሙን ብስኩት አለችው። አንገቱ ላይ ቢጫ የጀሪካን ክዳን በሲባጎ አሰረችለት። ክዳን የሌለውን ጀሪካን ለማን እንደምሸጥ ግን አልነገረችኝም።

እሷ ከሄደች ወዲህ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተጫውታ በምትመለስበት ሰዓት ፍየሉ በራችን ላይ ይቆማል። አይጮህም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ዝም ብሎ መንገዱን ያያል። ባለቤቴ ዘሀራ እሱን ላለማየት በጓሮ በር መውጣትና መግባት ጀመረች። እኔ ደግሞ እሷን ላለማየት መስጊድ ደጃፍ ተቀምጬ አመሻለሁ። አንድ ወጠጤ ሁለት ሰው ከቤት አስወጣ።

ልሸጠው ወሰንኩ። ለዘሀራ ነገርኳት።

"ከሚሴ ላይ አትሽጠው" አለች።

"ለምን?"

"ጎረቤት ገዝቶ ሲያርደው እሰማለሁ።"

ብትልም ባትልም ከሚሴ ላይ የሚገዛኝ አልነበረም። ጀሪካን ያልተከራከረኝ ሰው የሟች ልጅ ፍየል ሊከራከረኝ ነው? ስለዚህ እሁድ ወደ ሰንበቴ ገበያ ሄድኩ። ብስኩትን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ከከሰል ጆንያ ጋር አሰርነው። ረዳቱ "እሱን እንደ ሰው ላስከፍልህ እንደ ዕቃ?" አለኝ።

ሰንበቴ ላይ ማንም አያውቀኝም። አፋሮቹ ግመላቸውን አንበርክከዋል፣ የደጋ ሰዎች በጋቸውን አሰልፈዋል፣ አቧራው ሁሉንም አንድ ቀለም ቀብቷቸዋል። ከፍየል ተራው ጎን፣ ከኋላው የመጫኛ ሳንቃ የተዘረጋበት የጭነት መኪና ቆሟል። ባለቤቱ ባርኔጣ ያደረገ የደጋ ነጋዴ ነው፤ ፍየል ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። ወደ እኔ መጣ። ብስኩትን ከላይ እስከ ታች አየው።

"ይሄ ፍየል ነው ድመት?"

ወገኖቼ፣ ልቤ በራ።

"ድመት ከሆነማ እቤትህ ውሰደው። አይጥ ሳያስቸግርህ አይቀርም።"

"ጎድኑ ይቆጠራል እኮ!"

"መቁጠር ከቻልክ ቁጠረዋ።"

"አንገቱ ላይ ክዳን ያሰርክለት ምን ብለህ ነው? ናፍጣ ነው የሚጠጣው?"

ክዳኑን በመዳፌ ሸፈንኩት። እሱ ግን አላስተዋለም። ጥሎኝ ሄደ፣ ጠራሁት፣ ተመለሰ፣ የፍየሉን ጥርስ አየ፣ ወገቡን ጨመቀ፣ የእኔንም ዘር አብሮ ሰደበ። ሁለት ወር የናፈቀኝ ስድብ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ። ተቀራረብን። ገመዱን ከእጄ ወስዶ በግራው ያዘ። ሊያስማማን የሚችለውን የመጨረሻ ዋጋ ጠርቶ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። ብመታለት አለቀ።

"ኢናሊላሂ!" የሚል የሐዘን ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

አያ ሙሄ ናቸው። አያ ሙሄ የሰፈራችን ሰው፣ ገመድ ሻጭ፣ ከገበያ ገበያ የሚዞሩ። ኢክራም ስትሞት ባቲ ስለነበሩ ለቅሶ አልደረሱም። ይህ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ሲከነክናቸው ኖሯል። የጠፍር ጥቅላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ተንሰቀሰቁ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ጀማው! ይህ ወንድማችን ልጅ ቀብሯል! ዱዓ!"

የአያ ሙሄ ድምፅ ያለ ማጉያ ሦስት ቀበሌ ያዳርሳል። በፍየል ተራው ያለ ሰው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። ሁለቱንም። ባለ ባርኔጣው የደጋ ሰው፣ የእሱ ሥርዓት ሌላ ነውና፣ "ነፍስ ይማር" ብሎ ባርኔጣውን በሁለት እጁ አወለቀ።

በመላው ተራ የአንድም ፍየል ገመድ የያዘ እጅ አልቀረም።

ፍየል ደግሞ አሚን አይልም።

አያ ሙሄ በዐረብኛ ጀመሩ። ወደ ኦሮምኛ አለፉ፤ "ረቢን ሶብሪ ሲፍ ሃኬኑ" አሉኝ፣ ጽናቱን እንዲሰጠኝ። ከዚያ በአማርኛ ለእናትየው፣ ለአያቶቿ፣ ለታመመ፣ ለመንገደኛ፣ ለዝናብ፣ ለአገር ሰላም ለመኑ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ዱዓ ይቋረጣል እንዴ? እጃችን ወደ ሰማይ፣ ዓይናችን ወደ ፍየል። አንዱ ግመል ሥር ገባ። ሌላው በርበሬ ቀምሶ እያነጠሰ ሮጠ። ሁለቱ የሽንኩርት ሻጯ መደብ ላይ ወጡ፤ እሷም መዳፏን እንደዘረጋች "አሚን፣ አሚን፣ ሂድ ከዚህ! አሚን" ትላለች። አያ ሙሄ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። "ለከብቶቻችንም ጤና" አሉ። እንዲህ ከልብ የተባለ አሚን ሰምቼ አላውቅም።

መዳፋችንን ፊታችን ላይ አሳርፈን ስንጨርስ፣ ገበያው ፈነዳ። ሁሉም ሮጠ። ቀይ ፍየል የጠፋበት ቀይ ፍየል ይይዛል፤ ቀይ ፍየል ደግሞ ሰንበቴ ላይ እንደ አቧራ ነው። ቅዝምዝም ወዲህ፣ ፍየል ወዲያ። እኔን ግን ማንም አልተቆጣኝም። አንዱ ሁለት ፍየል ጠፍቶበት እያለከለከ መጣና ትከሻዬን ያዘ፤ "አንተ ምን አደረግህ ወንድሜ፣ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ" አለኝ፣ ከዚያ ዞር ብሎ የፍየልን ዘር ሁሉ ረገመ።

ባለ ባርኔጣው ፊቱ በሐፍረት ቀልቶ መጣ።

"ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። አላወቅኩም። ያ ድመት ያልኩህ…"

"ምንም አይደል።"

"ድመት አይደለም። በሬ ነው! ወላዋይ አትሁን፣ ዋጋ ጥራ። የጠራኸውን እከፍላለሁ።"

እንዲህ ሆኖ ንግዱ ሞተ። ሰንበቴም ከሚሴ ሆነች።

ቀና ስል ቢጫ ክዳን አየሁ። ብስኩት በመጫኛው ሳንቃ ወጥቶ መኪናው ላይ ነው፤ ከተገዙት ፍየሎች መሃል። ከዚያ ቢጫው በሌሎቹ ጀርባ ተሸፈነ። ነጋዴው ብሩን አውጥቶ ዘርግቶልኛል። ፍየሉ ተጭኗል። ዘሀራ አትሰማም፣ እኔም አላይም። የመጣሁት ለዚህ አይደል? ሁለት እጅ አለኝ፤ አንዱም ወደ ብሩ አልሄደም።

"ፍየሌን መልስልኝ" አልኩ።

"እሺ፣ ግን የትኛው ነው?" አለኝ። "እንደ ጎመን ታጭቀዋል። እዚያ ውስጥ ገብቶ የሚለይ ሰው ፍየል ሆኖ ነው የሚወጣው።"

አያ ሙሄ ክርኔን ያዙ። "ስሙን ጥራዋ።"

"ስም የለውም።"

"ወላሂ ዋሸህ! ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።"

"እንግዲያው እርስዎ ይጥሩት።"

"ለእኔ አይመጣም። እኔ የቤቱ ሰው ነኝ?"

ያንን ስም ከእሷ በኋላ በአፌ አልጠራሁትም ነበር። መኪናው ሥር ቆሜ "ብስኩት" አልኩ፤ ቀስ ብዬ። ምንም የለም። ጮክ አልኩ። ብስኩትና ማስቲካ የምታዞር ሴት "ስንት ልስጥህ?" ብላ ከተፍ አለች። በሦስተኛው እንደ ኢክራም አድርጌ ጠራሁት፤ ድምፄን አቅጥኜ፣ መጨረሻውን እየጎተትኩ። ጢም ያለው ሰው እንዲህ ሲጠራ መስማት ደስ አይልም። ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

መጀመሪያ ጆሮ ታየ። ከዚያ ክዳኑ። ብስኩት በሌሎቹ ጀርባ ላይ እየተረማመደ መጥቶ ከመኪናው ዘለለ፣ በግንባሩ ጉልበቴን መታኝ፣ ኪሴን አሸተተ።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የሁለት ወሩ በአንዴ መጣ። ሰንበቴ መሃል፣ አቧራው ላይ ተንበርክኬ፣ የፍየል አንገት አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰው ከበበኝ። አያ ሙሄ እንባቸውን ጠረጉና መዳፋቸውን ቀስ ብለው ማንሳት ጀመሩ።

"አያ ሙሄ!" አለ ገበያው በአንድ ድምፅ። "እጅዎን ያውርዱ!"

"መጀመሪያ ገመድ እሰሩ!" አለ ሌላው። "ከዚያ ዱዓ!"

ሁሉም አሰረ፤ ከግንድ፣ ከመኪና ጎማ፣ ከገዛ እግሩ። ገመዱ የጠፋበት ከአያ ሙሄ ገዛ። ከዚያ ዱዓው ተደረገ፤ በሰላም ተጠናቀቀ። የአያ ሙሄ ገመድ ያን ቀን አልቆ፣ ባዶ ትከሻቸውን ወደ ቤት ሄዱ። ስለ ሰው ክፉ አልጠረጥርም። ግን ታዘብኩ።

ከሚሴ ስንደርስ ዘሀራ በፊት ለፊቱ በር ቆማ መንገዱን ታያለች። ልክ እንደ ፍየሉ።

"አልተሸጠም?"

"ዱዓ በዛ።"

"ስንት አሉት?"

"መጀመሪያ ድመት አሉት። ኋላ በሬ።"

"ድመት?" ተቆጣች። "ማነው ድመት ያለው? ዓይን የለውም?" ገመዱን ከእጄ ነጠቀች፣ ጎድኑን ዳሰሰች፣ አቧራውን አራገፈችለት። "ና ብስኩት፣ ና ግባ" አለችው። በፊት ለፊቱ በር ገቡ። እኔም ተከትዬ ገባሁ።

ወሬ ከሚኒባስ ይቀድማል። በማግስቱ ጠዋት ብስኩት ተከትሎኝ ሱቅ መጣ፤ ከኋላው እትዬ ፋጡማ መጡ። ጀሪካን አነሱ። ዓይኔን አዩኝ። ወደ ፍየሉ አዩ። አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ያዙ፤ ሰንበቴ መሃል በቀጭን ድምፅ "ብስኩት" እያለ ከጮኸ ሰው ፊት ኮስተር ብሎ መቆም ከባድ ነው።

"ይሄ" አሉ፣ ቂጡን እያንኳኩ፣ "ጀሪካን ነው ኩባያ?"

"ለእርስዎ አፍ ኩባያ አይበቃም ብዬ ነው ትልቅ ያመጣሁት።"

"ባለጌ! ክዳኑስ የት አለ?"

ወደ በሩ አየሁ። ብስኩት ቆሞ መንገዱን ያያል፤ ቢጫው አንገቱ ላይ ነው።

"እሱ ጋ ነው" አልኩ።

እትዬ ፋጡማም አዩ። መዳፋቸው ሊዘረጋ ሲል ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው ጠበቅ አድርገው ያዙት።

"እንግዲያው ቀንስ" አሉ።

ቀነስኩ። በኪሳራ ወሰዱት፤ አላህ ይስጣቸው።