ባለ ሁለት ጭራው ታንኳ

ግንበኛ የታደለ ነው። ያቆመው ግድግዳ ቢንጋደድም የልጅ ልጁ ሥሩ ተቀምጦ «ይህን የሠራው አያቴ ነው» እያለ ይኮራል። የደንገል ታንኳ የሚሠራ ሰው ግን ምን ያስቀራል? ታንኳው ጥቂት ወር ይንሳፈፍና ውሃ ጠጥቶ እንደ ጠገበ በሬ ይከብዳል፤ ዳር ወጥቶ ሲደርቅ ላም ትበላዋለች። የዝዋይ ላሞች የበሉትን ታንኳ ብንደረድረው፣ እግራችን አፈር ሳይነካ አዳማ በደረስን ነበር።

አያ ጣሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝዋይ ዳር ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ፣ በቀን ከሦስት ቃል በላይ የማያባክኑ ሽማግሌ ናቸው። አንድ የመቂ ባለርስት «ዳርቻው የእኔ ነው፤ ሰውዬው ትናንት የመጣ ነው» ብሎ ከሰሳቸው። ነገሩን ሊያጣራ አንድ ጸሐፊ አዳማ ላይ ከባቡር ወርዶ፣ ሦስት ቀን በቅሎ ላይ ተንገላቶ መጣ። የያዘው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ እዚህ የተሠራው የታንኳ ዓይነት በየተራው ከታወቀ ዳርቻው ይጸናላቸዋል፤ ካልታወቀ ይነቀላሉ።

ሽማግሌው ከሦስት ቃላቸው ስለማያልፉ ጸሐፊው ጎረቤታቸውን እኔን መሪ አደረገኝ። ፊደል ባልቆጥርም አፍ አላጣሁም።

የአባታቸውን ታንኳ ፍለጋ ሄድን። አንዲት ባልቴት «አጥሬን ጋርጄበት ነበር፤ ፍየሎቹ ጨረሱት» አለችን። የአያታቸውንስ? አንድ ገበሬ በሬውን እየጠቆመ «የዚህ አያት በላው» አለ። ጸሐፊው በሬውን ትክ ብሎ አየው። ይጻፈው አይጻፈው እንጃ።

ስንመለስ አያ ጣሰው በተላላጠ ጣታቸው ገመድ ሲያከሩ አየሁና አንጀቴ አልቻለም።

«ጌታዬ፣ ታንኳቸው ሰባት ዓይነት ነው» አልኩ፣ ከአፌ እንደ መጣልኝ። ሙሽራና አማት ጀርባ ለጀርባ የሚቀመጡበትን ነገርኩት። ከሁሉም የሚበልጠው የቅድመ አያታቸው ባለ ሁለት ጭራ መሆኑን፣ ጉማሬ ሲያየው መንገድ ይለቅለት እንደነበር ጨመርኩ። ጸሐፊው ሁሉንም ጻፈ። ብዕሩን ሲያስቀምጥ ግን፣

«መልካም። ባለ ሁለት ጭራውን ሠርተው ያሳዩኝ» አለ።

አያ ጣሰው ጎተት አድርገው ወሰዱኝ። «ጭራው የት ጋ ነው?»

«አንቱ ያውቁት የለም እንዴ?»

«እኔ የማውቀው ያንተን ምላስ ነው።»

በእንጨት አሸዋው ላይ ጫርኩላቸው። አዩት፤ «በዚህ በኩል ይሰምጣል» ብለው በእግራቸው ደመሰሱና ሌላ ጫሩ። ከዚያ ሁለት ቀን ጠፈሩ። ጸሐፊው ራሱ ተቀመጠበት፣ ነፋስ ተነሣ፣ ሌላው ታንኳ ሁሉ ሲዋልል ያ ታንኳ እንደ ዳኛ ተደላደለ። ዳርቻው ጸና።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ዓሣ አስጋሪው ሁሉ ሌላ ታንኳ አላይም አለ። ዓመት ሳይሞላ አንድ ሌላ ሽማግሌ አያቱ በባለ ሁለት ጭራ ሐይቁን እንዴት እንዳቋረጡ ሲተርክ ሰማሁት። «የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ስለው በሐዘኔታ አየኝና «አንተ ሳትወለድ የነበረ ነገር ነው፤ በምን ታውቀዋለህ?» አለኝ።

ይመስክሩልኝ ብዬ አያ ጣሰው ዘንድ ሄድኩ። ከሚጠፍሩት ባለ ሁለት ጭራ ቀና እንኳ አላሉም።

«አያቴ እንዲህ ነበር የሚጠፍሩት» አሉኝ።

እኚህ ሰው ዋሽተው አያውቁም። ማዶ ጉዳይ ነበረኝ፤ የገዛ ውሸቴ ላይ ተሳፈርኩ። ጠብታ ውሃ አላስገባም።